ያልታጠቡ እጆች

ልጅ ሳለሁ መጀመሪያ የቀናሁት በአንድ የሸክላ ዚር ነው። በሰው የቀና ሞልቷል፤ በዚር የቀናሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኋላ ቅናቴ ከዚሩ ወደ በቱል ዞረ፤ ጉዳቱም የመጣው ያኔ ነው።

ዚር ሱዳኖች የመጠጥ ውኃ የሚያቀዘቅዙበት፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ ትልቅ እንስራ ነው። የእኛው ግን የሚጠጣ ነገር አልነበረበትም። እናቴ ፋጤ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብራው፣ አፉን በነጭ ጨርቅ ሸፍናው፣ ጠዋት ስትነሳ ከእኔ በፊት የምትጎበኘው እሱን ነበር። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ከዚያ ፈገግ ትላለች። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ያለችበትን ቀን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬ አንድም አልመጣልኝ አለ።

በፈረንጆች አቆጣጠር ዘመኑ ዘጠና ሁለት፣ ዕድሜዬ ስምንት ነው። የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ፣ ዓባይ ዳር፣ ዐም ማሕጁብ የሚባሉ ሽማግሌ እርሻ ውስጥ በተሠራች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበር። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ወረባቦ ተወልዳ፣ በጋላባት በኩል በእግሯ ሱዳን የገባች። አባቴ ሱዳናዊ ሾፌር ነበር፤ እኔ ፊቱን ሳልለየው በመኪና አደጋ ሞተ። ስለዚህ በዚህች ዓለም ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ የእሷም አንድያ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ዐም ማሕጁብ ሽንኩርት ገበሬ ናቸው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ችግኛቸው በቅሎ አንድ ጣት ሳይሞላ አንገቱ ላይ እየሟሸሸ አለቀባቸው። ድሮ ዘሩ ላይ የሚያሹት ሮዝ ዱቄት መድኃኒት ነበር፤ እሱም ከገበያ ጠፋ። ያኔ እናቴ፣ "አባቴ ዘር ሳይዘራ በፊት ቀድሞ እርሾ ያጠጣው ነበር፤ አንድ ዓመት ብቻ ይመኑኝ" አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ዚሩን የሰጧት ራሳቸው ናቸው።

እርሾው እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም እጄን ይዞ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ትኩስ የላም እበት፣ የላም ሽንት፣ ቁንጥር ኖራ፣ ሁለት እፍኝ የሽምብራ ዱቄት፣ ጥቁር የሸንኮራ ማር። ከዚያ ደግሞ ማረሻ ነክቶት ከማያውቅ ቦታ፣ ቦዩ ዳር ካለው አሮጌ ግራር ሥር፣ አንድ እፍኝ አፈር። እናቴ አፈሩን ስታመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ውኃው ከወንዝ ብቻ ነው። ቧንቧ አጠገባችን እያለ ባልዲ ተሸክማ ወንዝ መውረዷ ያናድደኝ ነበር፤ የቧንቧው ውኃ ጥርት ያለ ነውና።

መጀመሪያ ዚሩ ጋጣ ጋጣ ይሸት ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደቦካ ሊጥ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አመጣ። እናቴ ጠዋትና ማታ በእንጨት አማሰለችው፤ ከእንጨቱም በኋላ እጇን እስከ ክንዷ ነክራ ታየዋለች። "እሰይ፣ ተነፈሰ" ትለዋለች። ዱቄት ስትጨምርለት፣ "ብላ እንግዲህ" ትለዋለች። እኔ ራቴን ባልበላ ግን "የራስሽ ጉዳይ" ነበር የሚለኝ አፏ።

በቱል የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የዐም ማሕጁብ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ኮስቲ ላይ ሌላ ባል አግብታ፣ ባልየው ልጅቷን አላስጠጋ ስላለ፣ አንድ ፌስታል ልብስ አስይዘው ላኳት። መጥታ ማንም ሳያዛት ከብቶቹ ጋር ገጠመች። ፍየል ታልባለች፣ እበት ትዝቃለች፣ ጥጃ አንገት ላይ ተጠምጥማ ትተኛለች። ጥፍሮቿ ጥቁር፣ ጸጉሯ ገለባ የማይጠፋው። ሳያት ገላዬን ይበላኝ ነበር።

እኔ ግን ንጹሕ ልጅ ነበርሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሥራችን ነበር። ሰኞና ሐሙስ ከእናቴ ጋር በሓፍላ፣ በአውቶቡስ፣ ጀብራ ሰፈር ድረስ ሄደን የአንዲት ሴትዮ ቤት ልብስ እናጥብ ነበር። ነጭ ነጩ የእኔ ድርሻ ነው። የወንዶቹን ጀላቢያ፣ አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን በረኪና ውስጥ እየነከርሁ አሻለሁ። ማታ ስንመለስ ጣቶቼ ተጨማድደው፣ ቆዳቸው እየተላጠ፣ ነጭ ብለው ያበራሉ። አንድም እድፍ የለባቸውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ዚሩን ስታማስል አጠገቧ ሄጄ ቆምሁ።

"እማዬ፣ እኔም ላግዝሽ።"

"እስኪ እጅሽን አምጪ" አለችኝ።

ሰጠኋት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ አድርጋ መለሰችልኝ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ።"

"ለምን?"

"ሌላ ቀን። ያላ፣ ዶሮዎቹን አስወጪልኝ።"

ዶሮዎቹን ሳስወጣ፣ "በቱል! ታዓሊ፣ ነይማ" ስትል ሰማሁ። በቱል ከጋጣው እየሮጠች መጣች። እናቴ የእሷንም እጅ አሸተተች። አሸተተችና ሳቀች። ከዚያ ያን እበት የተለጠፈበት እጅ በእጇ ይዛ፣ ዚሩ ውስጥ ነከረችው። የያዝሁትን ዶሮ ምን ያህል እንደጨመቅሁት ያወቅሁት ጮሆ ሲነክሰኝ ነው።

ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ አብሰለሰልሁት፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ገና አልጠራሁም ማለት ነው። ኸልዋ፣ ቁርአን ቤት፣ የሚያስቀሩን ሼኽ በዚያ ሳምንት ስለ ጦሃራ፣ ስለ ንጽሕና፣ ሲያስተምሩን ነበር፤ ጥፍር ሥር የቀረች እድፍ እንኳ ከሶላት በፊት የምንታጠበውን ዉዱእ ታበላሻለች ብለውን ነበር። እናቴ የዘር ነገር ጨዋታ ስላልሆነ፣ ከእኔ ከልጇ የበለጠ ንጽሕና ትፈልጋለች። ከበቱል የማትፈልገው ግን ለምንድነው? ለዚህም በቱልን ይበልጥ ጠላኋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄን መታጠብ ያዝሁ። በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በገላ ማሻ ሉፋ። ይህ አልበቃ ሲለኝ ከጀብራ ከምናመጣው በረኪና በቆርኪ እየሰፈርሁ ውኃ ላይ አፍስሼ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ አሸሁት። በማግሥቱ እጄን ዘርግቼ ሄድሁ። አሸተተችኝ። "ዛሬም አይሆንም።" በማግሥቱ በረኪናውን እጥፍ አደረግሁት። አሸተተችኝ። ፊቷን አዞረች። በቱል ግን፣ ያቺ ፊቷን እንኳ በወጉ የማትታጠበው፣ በየቀኑ ትጠራለች። ጭራሽ እናቴ አማርኛ ታስተምራት ጀመር። "ዘር" "አፈር" "ቀስ" እያለች። አማርኛው እንኳ የእኔና የእናቴ ብቻ ነበር።

አሁን እንደ ማንኛውም ሰው አውቀዋለሁ። እርሾው ውስጥ ያለው ሕይወት ነው፤ በዓይን አይታይም እንጂ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይራባል፤ ዘሩን ለብሶ አፈር ውስጥ ገብቶ ከሚያበሰብሰው በሽታ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በረኪና ደግሞ ይገድለዋል። የቧንቧ ውኃ ያልተፈለገውም ለዚሁ ነው። እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ይህንን ግን በአፍንጫዋ ታውቀው ነበር። እኔ በታጠብሁ ቁጥር ከዚሩ እየራቅሁ መሆኔን ያልነገረችኝ ለምን እንደሆነ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ጠይቄያታለሁ። "አፈርሁ" አለችኝ። "የልጄን እጅ ያበላሸሁት እኔ፤ በረኪና ውስጥ የከተትሁሽ እኔ። ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው የሰማሁትን ነው፤ የሰማሁትም ግማሹን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዐም ማሕጁብና እናቴ ቦዩ ዳር ቆመው ያወራሉ። እኔ ከደበርጃኑ ተክል ጀርባ ቁጢጥ ብያለሁ። በወንዙ ዳር ከኛ በታች የጡብ ምድጃዎች ነበሩ፤ ጭሳቸው ቀን ከሌት አይቋረጥም። ዐም ማሕጁብ ከዘራቸውን ወደዚያ ቀሰሩ።

"ፋጤ፣ እኔ አርጅቻለሁ። ዘንድሮም ችግኙ ከሟሸሸ ኸላስ፣ መሬቱን ለእነዚያ ለጡብ ሰዎች ነው የምሰጠው።"

"ኢንሻአላህ አይሟሽሽም።"

"ከሟሸሸስ? አንቺ ጀብራ ትገቢያለሽ።"

እናቴ መሬት መሬት እያየች መለሰች፤ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው። "ሬሕማን የት አደርጋታለሁ?"

ሬሕማ እኔ ነኝ፤ ይቺ አረፍተ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሬሕማን የት አደርጋታለሁ። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ስለ አሮጌው እንደሚጨነቀው ነው የተረዳሁት። በቱልን አግኝታለች፤ አሁን እኔን የምታስቀምጥበት ቦታ እየፈለገች ነው። የጀብራዋ ሴትዮ "ከነማደሪያሽ እቀጥርሻለሁ፣ ልጅ ይዘሽ ግን አትግቢ" እንዳለቻት፣ እናቴ ከእኔ ላለመለየት ስትል ያን የከብት ሽንት ዚር እንደ ነፍሷ እንደያዘችው ማን ይንገረኝ? ዚሩ የቆመው ለእኔ ነበር። እኔ ግን እሱንም እሷንም እያየሁ ጥርሴን አፋጭ ነበር።

ዘሩ የሚነከርበት ቀን ደረሰ። ዐም ማሕጁብ ከቤታቸው አንድ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከአባታቸው የወረሱት የሽንኩርት ዘር ነው፤ ከዓመት ዓመት ዘር እያስያዙ ያቆዩት፣ ጥቁር አዝሙድ የሚመስል፤ ገበያ ወጥተው የማያገኙት። እናቴ ግማሹን ብቻ ተቀበለች። "ግማሹ ይቆይ፤ አላህ ያውቃል" አለች። በስስ ጨርቅ ቋጠረችው። ቋጠሮውን የያዘችው ግን በቱል ነበረች። እናቴ ከኋላዋ ቆማ፣ የበቱልን ሁለት እጆች በሁለት እጆቿ አቅፋ፣ "ቢስሚላህ በዪ" አለቻትና አብረው ነከሩት።

"የዚች ልጅ እጅ ሕይወት አለው፣ ወላሂ" አለች እናቴ።

ዐም ማሕጁብ የበቱልን ራስ ዳበሱ። በቱል ወደ እኔ ዞር ብላ ሳቀች። ዛሬ ሳስበው ነይ የምትለኝ ሳቅ ነበር። ያኔ የታየኝ ግን ጥርሷ ብቻ ነው።

ዘሩ እስከ ጠዋት እዚያው ማደር ነበረበት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዐም ማሕጁብ ወደ መስጊድ ሄዱ፣ በቱል ፍየሎቹን ለማስገባት ወረደች፣ እናቴ ክፍላችን ውስጥ ምንጣፏ ላይ ቆመች። እኔ የልብስ ማጠቢያውን ቅርጫት ከፈትሁና ያልተነካውን ጠርሙስ በረኪና አወጣሁ። "ላጠራው ነው፤ ውስጡ ሽንት አለ፣ ነጃሳ ነው" ብዬ ለአላህ ነገርሁት። ውሸቴን ነበር፤ ውሸቴን እንደሆነም አውቅ ነበር። የፈለግሁት እንዲሞት ነው።

ሙሉውን ገለበጥሁት። ዚሩ ሲስ ብሎ አረፋ አነሳ። ከውስጡ የወጣው ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ጅኒ የወጣ መሰለኝ። ጠርሙሱን እዚያው ጣልሁና ሮጥሁ። ከእናቴ ጀርባ ምንጣፉ ላይ ደርሼ እንደሚሰግድ ሰው ተደፋሁ። እናቴ ሶላቷን ስትጨርስ አየችኝና፣ "ማሻአላህ፣ ልጄ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ደስ አለኝ። እንዲያ ነበርሁ እንግዲህ።

ጎሕ ሲቀድ እናቴ ተነስታ ወጣች። ነቅቻለሁ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ቆየች፤ በጣም ቆየች። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ስባ አወጣችና አሸተተችው። ሁለተኛውንም አሸተተች። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ መሃል ግን አንዲት የሞኝ ሐሳብ ብልጭ አለችብኝ፤ ምናልባት ዛሬ ይሆናል ልትለኝ ነው። እጄን መልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባችልኝና እስከ አንገቴ ሸፈነችኝ። ከዚያ ድጋሚ ወጣች። ወዴት እንደሄደች አላየሁም።

ዐም ማሕጁብ መጥተው ጨርቁን ሲገልጡት ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። "ያ ሳቲር!" አሉ፣ ዓይናቸውን በጀላቢያቸው እጅጌ እየጠረጉ። ቋጠሮውን አወጡት። ያ ጥቁር ዘር ቀለሙን እንደለቀቀ ልብስ ገርጥቷል። የአባታቸው ዘር ነው። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ማነው? ዚሩን የሚነካው ማነው?" ብለው ጮሁ። "አንቺና በቱል አይደላችሁ?"

እናቴ ባዶውን ጠርሙስ ይዛለች። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ከበሩ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ አላየችም። ወደ በቱል ዞራ፣ በማይሰማ ድምፅ፣ "በቱል... አንቺ ነሽ?" አለቻት።

በቱል እናቴን አየቻት። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት።

"አይዋ" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ለምን? ምን በደልሁሽ?" አሉ ዐም ማሕጁብ።

"ልጫወት ብዬ።"

ከዘራቸውን ሲያነሱ እናቴ መሃል ገባች፤ በትሩ ትከሻዋ ላይ አረፈ። በቱልን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጸጉሯ ውስጥ ፊቷን ቀብራ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ያሰብሁትን ልናገር። ይቺ ልጅ ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ ብዬ ነው ያሰብሁት። እኔ ባደረግሁት ነገር የምትታቀፈው እሷ ናት። እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ያስከፈተኝ ጸጸት አልነበረም። ያን እቅፍ ፈልጌው ነው። የዐም ማሕጁብን በትር ሳይ ግን አፌን ዘጋሁት።

ሽማግሌው ወደ ኮስቲ ትመለስ አሉ። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ለመነቻቸው። ምግብ አልበላ አለች። እግራቸው ላይ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። "ልጅ ናት፣ የእርስዎ ደም ናት፣ ይማሯት" ትላለች፤ እሳቸው፣ "የአባቴን ዘር" ብቻ ይላሉ። ለእኔ እንዲህ ትለምን ነበር ወይ እያልሁ እመዝን ነበር።

በአራተኛው ቀን አንድ ፒክ አፕ መጣ። እናቴ በቱልን ያን ጠዋት አጠበቻት፣ ጸጉሯን ሾረበቻት፣ ከዚያ ሳጥናችንን ከፍታ ቢጫውን የዒድ ቀሚሴን አለበሰቻት። ለዒድ ብቻ የምለብሰውን! ደረቴ እስኪሰነጠቅ አለቀስሁ። የጎረቤት ሴቶች፣ "አይዞሽ፣ መዓሌሽ፣ ጓደኛሽ ትመለሳለች" እያሉ አባበሉኝ። መኪናው ሲሄድ በቱል ከኋላ ቁጭ ብላ እናቴን ብቻ እያየች ነበር። አላለቀሰችም።

እናቴ በማግሥቱ ዚሩን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ አዲስ እርሾ ጣለች። በአሥር ቀኑ የቀረውን ግማሽ ዘር ነከረች። መደቡ ላይ ዘግይቶ ተዘራ፤ በቀለ፤ አንድ ጣት ሞላ፤ ሁለት ጣት ሞላ። አንድም አልሟሸሸም። ዐም ማሕጁብ ጎንበስ ብለው ችግኙን እየዳበሱ ሱብሓነላህ ይሉ ነበር። መሬቱ ለጡብ ሰዎች አልተሰጠም። እኛም ሰባት ዓመት እዚያው ኖርን። እናቴ ጀብራ ይዛኝ መሄድም ተወች፤ ለብቻዋ ታጥብ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት እጄን አሸትታ፣ "እሺ፣ ንከሪ" አለችኝ። ነከርሁ። ለብ ያለ ነበር፣ ይገማል። እጄን ግን አልያዘችኝም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማ ነበር።

በቱልን ያገኘኋት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁለት ሺህ አራት ላይ ነው። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ የሐጅ ዩሱፍን ሓፍላ ስጠብቅ፣ ሕፃን የታቀፈች ቀጭን ሴት ፊቴ ቆማ ታፈጥብኛለች።

"የፋጤ ልጅ አይደለሽ? ሬሕማ?" አለችኝ።

ጥርሷን ሳይ አወቅኋት። ጥላ ያለበት ሱቅ ደጅ ተቀመጥን። በአሥራ አራት ዓመቷ እንደዳሯት፣ ትምህርት ቤት ኮስቲ ከገባች ወዲህ እንዳላየች፣ ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ ሕፃኑን ሐኪም ለማሳየት እንደመጣች አጫወተችኝ። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ ያውም በአማርኛ።

"እማ ደኅና ናት?"

ሃያ ዓመቴ ነው። መምህርነት ልጀምር ነው። ሆኖም ያ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የድሮው ቅናት ተመለሰብኝ። አፍሬ ቶሎ ተናገርሁ።

"በቱል፣ ያን በረኪና የጨመርሁት እኔ ነኝ።"

ሳቀች። "አውቃለሁ እኮ።"

"እንዴት?"

"ፈጅር ላይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እማ ጋጣው ድረስ መጣችና ቀሰቀሰችኝ። ተንበረከከች። 'ሬሕማ ናት ያደረገችው። ከታወቀ ያባርሩናል፤ እኔ ደግሞ እሷን ይዤ የምገባበት ቤት የለኝም። አንቺ ሥጋቸው ነሽ፣ ቢቆጡሽ አንድ ቀን ነው። ስጠይቅሽ አይዋ በዪልኝ' አለችኝ።" ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። "አንድ ቀን መስሏት ነው። እኔም መስሎኝ ነበር።"

"ለምን እሺ አልሽ?"

"ጠየቅኋታ። 'እሺ ካልሁሽ እናቴ ትሆኛለሽ?' አልኋት። 'አዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ' አለችኝ።" ከዚያ እንደ ዋዛ ጨመረችበት። "ሦስት ቀን እናት ነበረችኝ። አንቺ ላይ እንዴት እቀና እንደነበር ብታውቂ!"

ሓፍላው መጣ። ረዳቱ ያላ ያላ እያለ ይጮሃል። በቱል ጉንጬን ስማኝ፣ "እማን ሰላም በይልኝ። ሁልጊዜ እማ እያልሁ እንደማስባት ንገሪያት" አለችኝ። እሺ አልኋት።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባምያ ትከትፋለች። ያኔ የኩላሊት ሕመም ጀምሯት ፊቷ ይነፋ ነበር።

"በቱልን አገኘኋት" አልኋት።

ቢላዋው ቆመ። ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ አልጠየቀችኝም። ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀችው የሚመስል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

"ስትጠይቅሽ፣ ምን ብላ ጠራችኝ?"

አየኋት። ልጅ ሆኜ ዚሩ ላይ ጎንበስ ስትል የነበራት ፊት ነበር፣ ጆሮዋን አስጠግታ ስታዳምጥ። እኔን እንደዚያ አድርጋ ጠብቃኝ አታውቅም።

"ኻልቲ ፋጤን ሰላም በይልኝ አለች" አልኋት። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው።

"ኻልቲ?"

"አዎ፣ ኻልቲ።"

ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። "እውነቷን ነው" አለችና ባምያዋን መክተፍ ቀጠለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ያን ሁለት ዓመት በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ቆይቼ፣ ሳልነግራት ቀበርኋት።